ቃል፣ ግብርና ልክ

ሰው የሚገለገልበትን ዕቃ ሊሠራ የተነሣ ጠቢብ አስቀድሞ ተገልጋዩን ሊያውቀው ይገባል የሚለው አሳብ ሲሰሙት እጅግ ቀላል ስለሆነ፣ ይህንኑ ለመማር የመጀመሪያውን ዲግሪ ከጨረሱ በኋላ እንደገና ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መድከም ለብዙ ሰው ከንቱ ልፋት መስሎ ይታየዋል። ከሰው መካከል ተወልዶ፣ ከሰው ጋር በልቶና ጠጥቶ ያደገ ሁሉ የሰውን ጠባይ ያውቃል፤ ለዚህ ደግሞ ምን መምህር ያሻዋል? ዳሩ ግን «ሰውን ማዕከል ያደረገ ንድፍ» እየተባለ የሚጠራው ትምህርት፣ ከሁሉ ይልቅም በድኅረ ምረቃ ደረጃ የሚሰጠው የምርምር ስልቱ ክፍል፣ በሩን የሚከፍተው ይህንኑ የለመድነውን እርግጠኝነት በመጠየቅ ነው። አውቀዋለሁ የምንለውን ያን ሰው በምን አወቅነው? እርሱ በቃሉ ስለ ነገረን ነውን? ሲሠራ ቆመን ስላየነው ነውን? ወይስ ቁመቱንና ክንዱን፣ የፈጀውን ጊዜና የሠራውን ስሕተት በመለኪያ ስለ ቈጠርነው ነው?

እነዚህ ሦስቱ፣ ቃል፣ ግብርና ልክ፣ የተማሪው ምስክሮች ናቸው። በመማሪያው መጽሐፍ ውስጥ ስማቸው ብዙ ነው፤ ቃለ መጠይቅ፣ የጽሑፍ መጠይቅ፣ የቡድን ውይይት፣ ምልከታ፣ የዕለት ማስታወሻ፣ የአጠቃቀም ፍተሻ እየተባለ ይዘረዘራል፤ ነገር ግን ዝርዝሩ ምንም ቢረዝም፣ ተጠርቶ ከፊታችን የሚቆመው ምስክር ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ ነው። ጭንቁ የሚመጣው ሦስቱ ተጠርተው ቆመው የማይስማሙ ጊዜ ነው። ሰው የሚናገረው ከሚያደርገው ይለያል፤ የሚያደርገውም ከተለካው ጋር አይገጥምም፤ እንዲህም ሲሆን ከሦስቱ አንዱ ሐሰተኛ መሆኑ ግድ አይደለም፤ የሰው ባሕርይ ከአንድ ወገን ተመልክተው የማይጨርሱት ስለሆነ ነውና። እንደ እኔ አሳብ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ከዚህ ትምህርት ይዞት ሊወጣ የሚገባው ትልቁ ነገር ይህን አለመስማማት ሳይደነግጥ፣ አንዱንም ምስክር ቶሎ ሳያሰናብት፣ ጽፎ መያዝ መቻል ነው። የቀረውን ሁሉ ከመጽሐፍ ሊያነበው ይችላል።

ልክን አስቀድሜ የማነሣው ተማሪዎች ከሁሉ አብልጠው የሚያምኑት እርሱን ስለሆነ ነው፤ ቁጥር አያዳላም፣ ፊት አይቶም አያፍርም ይባላልና። በ1950 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው) በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት፣ ራይት ፓተርሰን በሚባለው የአየር ኃይል ሰፈር በሚሠሩ ተመራማሪዎች፣ የጦር አውሮፕላን አብራሪ የሚቀመጥበት ክፍል የተሠራበት ልክ ጊዜ አልፎበት እንደሆነ ለማወቅ የአብራሪዎች አካል በብዙ ዓይነት መስፈሪያ ተለካ። ጊልበርት ዳንኤልስ የተባለ ወጣት ተመራማሪም ከልኬቶቹ መካከል ለክፍሉ አሠራር ከሁሉ ይበልጥ ያስፈልጋሉ ያላቸውን 10 ልኮች መርጦ፣ በእያንዳንዱ ልክ ከመካከለኛው 30 በመቶ ውስጥ የሚገባውን ሰው «አማካይ» አለው፤ ከዚያም ከ4,063ቱ አብራሪዎች መካከል በ10ሩም ልክ አማካይ የሆነው ስንቱ እንደሆነ ፈለገ። አንድም አልተገኘም። ክንዱ የረዘመው እግሩ ያጥራል፣ ደረቱ የሰፋው ወገቡ ይጠብባል፤ ስለዚህ ለአማካይ ሰው ተብሎ የተሠራው መቀመጫ ለማንም ያልተሠራ መቀመጫ ሆኖ ኖሯል። አየር ኃይሉም ከዚያ ወዲህ መቀመጫውና መርገጫው እንደ ተቀማጩ ከፍና ዝቅ፣ ቀረብና ራቅ የሚል እንዲሆን ወደ ማዘዝ አዘነበለ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን የሚያስደንቀኝ አማካዩን ያፈረሰው ያው ልክ ራሱ መሆኑ ነው። ከዚያ በፊት የተጻፉት ቁጥሮች ሐሰት አልነበሩም፤ እያንዳንዱ ቁጥር ለተጠየቀው ጥያቄ በትክክል መልሶ ነበር፤ 10ሩ አማካዮች በአንድ ሥጋ ውስጥ ይገናኙ እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቀም ነበር። ዛሬም ስታቲስቲክስን ጠንቅቆ የተማረ ብዙ ደቀ መዝሙር የአማካይን አወጣጥ ያውቃል፤ ያ አማካይ በጎዳና ላይ ሲሄድ የሚያገኘው ሰው ይሁን አይሁን ግን ለመጠየቅ አያስብም።

ልክን አብዝቶ የሚያምን ደግሞ ብዙ ጊዜ ቃልን ይንቃል። ሰው ይዋሻል፣ ይረሳል፣ ራሱንም አያውቅም፣ ስለዚህ እርሱን ጠይቆ መድከም ምን ይረባል? ይላል። ይህ ፍርድ ግን ጠያቂው ያጠፋውን ጥፋት በተጠያቂው ላይ የሚጭን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የአሜሪካ አውሮፕላኖች የጠላት ጥይት ሳይነካቸው ሲሰበሩ ምክንያቱ «የአብራሪ ስሕተት» እየተባለ ይመዘገብ ነበር። ፖል ፊትስና ሪቻርድ ጆንስ የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቃውንት ግን በዚህ ቃል ሳይረኩ አብራሪዎቹን ራሳቸውን ጠየቁ፤ የጠየቁትም «መሣሪያው ይስማማሃልን?» ብለው አልነበረም፤ አንተ ያደረግኸውን ወይም ሌላው ሲያደርግ ያየኸውን አንድ ስሕተት እንደ ሆነው አድርገህ ተርክልን የሚል ነበር እንጂ። በ1947 ያወጡት ጥናት 460 እንዲህ ያሉ ትረካዎችን የመረመረ ሲሆን፣ ከሁሉ በዝቶ የተገኘው አንዱን መቈጣጠሪያ ሌላው ነው ብሎ መያዝ፣ ለምሳሌ የክንፉን ታጣፊ የሚያዝዘውን እጀታ እነካለሁ ብሎ ጐማውን የሚያጥፈውን መሳብ ነበር። ስሕተቱ የአብራሪው ነው ተብሎ የተዘጋው መዝገብ ተገልጦ ሲነበብ፣ ጐን ለጐን የተተከሉና ሲዳስሷቸው የሚመሳሰሉ የእጀታዎች ታሪክ ሆኖ ተገኘ። ከዚሁ ከአየር ኃይሉ የሥነ ልቡና ምርምር የወጣው ጆን ፍላናጋንም በ1954 ይህን ዓይነቱን አጠያየቅ የራሱ ሥርዓት ያለው ስልት አድርጎ ጻፈው፤ የሆነውን ነገር አስተርክ፣ አስተያየትን ለኋላ አቆይ የሚል ነው ፍሬ ነገሩ።

ይህ ምክር በእኛ አገር ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ይሉኝታ የሚሉት ነገር አለና። አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ፣ ማገዶ ይቈጥባል የተባለ አዲስ የእንጀራ ምድጃ ለተሰጣቸው አንዲት እናት ጥያቄዋን ይዛ ሄደች እንበል።

«እማማ፣ ምድጃው እንዴት ነው?»

«ደግ ነው ልጄ፣ ምን ይወጣለታል! እግዜር ይስጣችሁ። ይልቅ አረፍ በይ፣ ቡና ላፍላ።»

«ከጕልቻው ይሻላል ማለት ነው?»

«እንዴታ! ምን ጥርጥር አለው።»

ተማሪዋ በዚህ ተደስታ «ተጠቃሚዋ ረክተዋል» ብላ ከጻፈች እናትየው አልዋሿትም፤ የምድጃውን ነገር ትተው የእንግዳዋን ክብር መለሱላት እንጂ። የሰው ልጅ ደክማ፣ ፀሐይ መትቷት፣ ከሩቅ መጥታ ሳለች ያመጣችሁት ዕቃ አልረባኝም ብሎ ማሳፈር ነውር ነው። ነገር ግን ቡናው ከተጠጣ በኋላ፣ «ለመጨረሻ ጊዜ የጋገሩት መቼ ነበር? እሳቱን ከማቀጣጠልዎ ጀምረው እንደ ሆነው ይንገሩኝ» ብትላቸው፣ እንዲህ ያለ ነገር ትሰማ ይሆናል።

«ትናንት ነው። እንጨቱ ወፍራም ሆነና አፉ አላስገባ አለኝ፤ ትልቁን ልጅ ጠርቼ እንዳላስፈልጥ ከብቶች ጋር ነው። ወዲያው ሊጡ ደርሶ ኩፍ ብሎ ይጠብቀኛል! ኋላ ምን አደረግሁ፣ ከጓሮ ጕልቻውን መልሼ ጐለትሁና እዚያው ጋገርሁት።»

ከዚህ አንድ ንግግር ውስጥ የምድጃው አፍ ጠባብነት፣ የፈላጩ ጕልበት ከቤት መታጣት፣ ሊጥ ቀጠሮ የማይጠብቅ መሆኑ፣ የድሮው ጕልቻም ከነክብሩ በጓሮ መኖሩ ሁሉ ይወጣል፤ ከእነዚህም አንዱ በመጠይቁ ወረቀት ላይ ቦታ አልተዘጋጀለትም ነበር። በነገራችን ላይ ተማሪዋ ከደጅ ቆማ የጠየቀችው አባወራውን ቢሆን ኖሮ ይህንም አታገኝም፤ ምድጃውን የገዛውና በምድጃው የሚጋግረው አንድ ሰው አይደሉምና፣ ማዕከል ሊሆን የታሰበው «ሰው» ማን እንደሆነ ሳይለይ የተጀመረ ጥናት ከመነሻው ስቷል።

ስለ ግብር ምስክርነት ከተጻፉት ሁሉ የሉሲ ሰችማንን ያህል ለደቀ መዝሙር የሚጠቅም አላውቅም፤ እርስዋም ያን ጊዜ ደቀ መዝሙር ነበረችና። በካሊፎርኒያ፣ ፓሎ አልቶ በሚገኘው የዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል ውስጥ፣ አጠቃቀሙን ራሱ እየመራ እንዲያሳይ የተሠራ አንድ የፎቶ ኮፒ መኪና ነበር። ሰችማን መኪናውን አይተውት የማያውቁ ሰዎችን ሁለት ሁለት እያደረገች አቅርባ በቪዲዮ ቀረጸቻቸው። ሁለት ያደረገቻቸውም በብልሃት ነው፤ ብቻውን የቆመ ሰው ዝም ይላል፣ በል ተናገር ቢሉትም ንግግሩ ለጠያቂው የተዘጋጀ ይሆናል፤ ሁለት ሰዎች ግን ግራ ሲገባቸው እርስ በርሳቸው ይመካከራሉና አሳባቸው ሳይጠየቅ ይገለጣል። ከዚያም የቀረጸችውን በዓምድ በዓምድ ከፍላ ጻፈችው፤ ሰዎቹ ያደረጉትንና መኪናው ሊያውቀው የማይችለውን ለብቻ፣ መኪናው የሚያውቀውን ለብቻ፣ መኪናው ለሰዎቹ ያሳየውን ለብቻ፣ ሠሪዎቹም ያን ያሳየበትን ምክንያት ለብቻ አደረገች። ወረቀቱ እንዲህ ተከፍሎ ሲታይ፣ ሰዎቹ ሲወያዩ፣ ሲያመነቱ፣ ወደ ኋላ ሲመለሱ፣ መኪናው ከዚህ ሁሉ የሚደርሰው ክዳን መከፈቱና ቍልፍ መነካቱ ብቻ ነበር። ሠሪዎቹ ሰው አስቀድሞ በልቡ ዕቅድ አውጥቶ ያንኑ ደረጃ በደረጃ ይፈጽማል ብለው ነበር፤ በፊልሙ የታየው ሰው ግን ዕቅዱን የሚያበጀውም የሚያፈርሰውም በሥራው መካከል ነው። ይህ ሥራ በ1984 በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት መመረቂያ ጽሑፍ ሆኖ ቀረበ፤ በ1987ም መጽሐፍ ሆነ።

ያ የአራት ዓምድ ወረቀት ከየትኛውም የስልት መማሪያ አልተቀዳም፤ ጥያቄው ራሱ ወለደው። ተማሪዎቻችን የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ሦስተኛ ምዕራፍ ሲጽፉ «በዚህ ጥናት ይህንና ያንን ስልት ተጠቅሜአለሁ» ብለው የስልቱን ትርጕም ከመጽሐፍ እየገለበጡ ገጽ ይሞላሉ፤ ይህ ስልት ምን ሊያሳያቸው እንደማይችል የሚጽፉት ግን ጥቂቶች ናቸው። እኔ ፈታኝ ብሆን የምጠይቀው ይህንኑ ብቻ ነው።

ከግብር ወገን አንድ ነገር ልጨምር። እጅ የሚያውቀውን አፍ መናገር የማይችልበት ጊዜ አለ። ከ1981 እስከ 1985 በስካንዲናቪያ የማተሚያ ቤት ሠራተኞች ማኅበራትና ተመራማሪዎች በኅብረት በሠሩት፣ ዩቶፒያ በተባለው ጥናት፣ ለጋዜጣ ገጽ ቅንብር ገና ያልተሠራ የኮምፒዩተር መሣሪያ ሊታሰብ ነበር። በሥዕላዊ መግለጫና በጽሑፍ የቀረበው ንድፍ ለሠራተኞቹ ምንም አልነገራቸውም፤ ተመራማሪዎቹ ከካርቶንና ከስስ ጣውላ የሐሰት መሣሪያ አበጅተው በፊታቸው ባኖሩት ጊዜ ግን፣ ሠራተኞቹ እንደ እውነተኛ ቈጥረው እየሠሩበት፣ ይህ እዚህ አይሆንም፣ ያ ወዲህ ይምጣ እያሉ በእጃቸው ተናገሩ።

ሦስቱ ምስክሮች በአንድ ጉዳይ ላይ ተገናኝተው ሲለያዩ ማየት የሚሻ ደግሞ ወደዚያው ወደ እንጀራ ምድጃችን ይመለስ። የምድጃን ቍጠባ ለመመርመር በ1980ዎቹ የተደነገጉ ሦስት የፍተሻ ዓይነቶች አሉ፤ በመጀመሪያው የታወቀ መጠን ያለው ውሃ ይፈላና የነደደው እንጨት ይመዘናል፤ በሁለተኛው አንዲት የአገሩ ሴት የአገሩን ምግብ በተቈጣጣሪ ፊት ታበስላለች፤ በሦስተኛው ቤተ ሰቡ እንደ ልማዱ እየኖረ በቀናት ውስጥ የፈጀው ማገዶ ይመዘናል። የመጀመሪያው ቀላልና በየትም አገር የሚደገም ስለሆነ በቤተ ሙከራ ዘንድ ተወደደ። ነገር ግን በእንጀራ ምጣድ ውሃ አይፈላም! ምጣዱ ሰፊና ዝርግ ሸክላ ነው፤ የሚፈልገውም ከመሐል እስከ ዳር እኩል የተዳረሰ ግለት ነው፤ አለዚያ መሐሉ ሲያር ዳሩ ሊጥ ሆኖ ይቀራል፣ ዐይንም አያወጣም። ስለዚህ የውሃው ፍተሻ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢደረግ፣ የቤቱን ማገዶ ትልቁን ድርሻ ስለሚበላው ሥራ የሚነግረን እጅግ ጥቂት ነው። በ1990ዎቹ በአገራችን የተስፋፋው፣ ከሲሚንቶ የሚሠራው ምርጥ የተባለው ምድጃ ምጣዱን ዙሪያውን ከብቦ ነበልባሉን ስለሚሰበስብ፣ በቤተ ሙከራ ከጕልቻው ግማሽ ያህል ማገዶ ያድናል ይባልለት ነበር። በኋላ በገጠር በሁለተኛው ዓይነት ፍተሻ፣ ሴቶቹ ራሳቸው እየጋገሩ ሲመረመር፣ ቍጠባው ከ22 እስከ 31 በመቶ ሆኖ ተገኘ፤ ሴቶቹም ምድጃውን እንደ ወደዱት ተናገሩ። እንግዲህ የቤተ ሙከራው ግማሽ፣ የመንደሩ ሩብ ገደማ፣ የሴቶቹም መውደድ፣ ሦስቱም በአንድነት ይቆማሉ፤ ማናቸውም ሌላውን ሐሰተኛ አያደርገውም።

እንዲህ ላለው ነገር በአገራችን የተዘጋጀ ልቡና የሚገኘው በቤተ ክርስቲያን የትርጓሜ ቤት ነው። መምህሩ አስቀድሞ ንባቡን ያስነብባል፤ ቀጥሎ ትርጓሜውን ይሰጣል፤ ከዚያም «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን፣ እንደገናም «አንድም» ብሎ ሦስተኛውን ያመጣል፤ የኋለኛውም የፊተኛውን አይሽረውም። ከዚህ ሥርዓት ተመራማሪው ሁለት ነገር ሊወስድ ይችላል። አንደኛው ንባብን ከትርጓሜ መለየት ነው፤ እናትየው ያሉት ቃል እንደ ወረደ ይጻፍ፣ «ረክተዋል» የሚለው ግን የተማሪዋ ትርጓሜ ነውና በሌላ ቀለም ይግባ። ሁለተኛው የሚለያዩትን ፍቺዎች አስማምቼ ካልጨረስሁ አላድርም አለማለት ነው። ይሁን እንጂ ነገሩ እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው የሚሄደው። ሊቁ «አንድም» እያለ እስከ ማታ ቢውል ማንም አይጐዳም፤ ንድፍ አውጪው ግን የምድጃውን አፍ ስፋት በሴንቲሜትር መወሰን አለበት፤ ሰፊም ጠባብም የሆነ አፍ ከሲሚንቶ ሊቀረጽ አይችልምና። ስለዚህ አንዱን መርጦ ሌሎቹን ይተዋል፤ የተዋቸውንም ከነምክንያታቸው ጽፎ ካላስቀመጠ፣ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ሠሪ አፉ ለምን ጠባብ እንደ ሆነ አያውቅም፣ ጓሮ ያለውም ጕልቻ እንደ ስንፍና ይቈጠራል።

ምርምሩስ መቼ ነው የሚበቃው? በዚህ ነገር ቁጥር የሚወድ ዘመን ነው። ያኮብ ኒልሰንና ቶማስ ላንዳወር በ1993 ባሳተሙት ስሌት አንድ ፈታሽ በአማካይ ከችግሮቹ 31 በመቶ ያህሉን ያገኛል ስለ ተባለ፣ አምስት ሰው ይበቃል የሚለው ቃል በተማሪዎች ዘንድ እንደ ክታብ ተይዟል፤ የኮምፒዩተር ገጽን እንቅፋት ለመልቀም የወጣው ሒሳብ በአንድ ቀበሌ ስለሚኖሩ አምስት እናቶች ምን እንደሚያስረዳ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ከዚህ ይልቅ ሐቁን የተናገሩት በበርክሊ ያስተምሩ የነበሩት ሆርስት ሪትልና ሜልቪን ዌበር ይመስሉኛል። በ1973 እንደ ጻፉት እንዲህ ያለው ችግር በቃ የሚያሰኝ ደንብ የለውም፤ ሥራው የሚቆመው ጊዜው፣ ገንዘቡ ወይም ትዕግሥቱ ሲያልቅ ነው።

በእኛ ዘንድ ደግሞ የሚቆመው የትምህርቱ ዓመት ሲያልቅ ነው። ዩኒቨርሲቲው በመስከረም ግድም ይከፈታል፤ ተማሪዋ ርእሷን እስክታስጸድቅ፣ የፈቃድ ደብዳቤ እስክታገኝ፣ መጠይቋን እስክታስተካክል ጥርና የካቲት ይደርሳል፤ ወደ መንደር ወርዳ የምትጠይቀውና የምትመዝነው መንገዱ ደረቅ፣ እንጨቱም ደረቅ በሆነበት ወራት ነው፤ በሰኔ ጽሑፏን ታስረክባለች። ከዚያ በኋላ ዝናቡ ይጥላል። ጭራሮው ይርሳል፣ ኩበቱ ይጠፋል፣ ከደጅ ይጋግሩ የነበሩት ሁሉ ወደ ቤት ይገባሉ፣ ጭሱ በሣር ክዳኑ ሥር ይታመቃል፤ የምድጃው ነገር ከሁሉ ይልቅ በሚፈተንበት በዚያ ወራት መርማሪዎቹ ሁሉ ዕረፍት ላይ ናቸው። ይህን የምለው ተማሪዋን ለመውቀስ አይደለም፤ የማጽደቂያውን ቀን የቈረጠችው እርስዋ አይደለችም። መርሐ ግብሩን የሚያወጡት ቢቻላቸው የመስኩን ሥራ በሐምሌና በነሐሴ ያድርጉት፣ ለጭቃውም ቦት ጫማና ለሚዛኑ መሸፈኛ ላስቲክ ይግዙ። ይህ ካልሆነ ግን ቢያንስ በጽሑፏ ሽፋን ላይ፣ ከምድጃው ስምና ከወረዳው ስም ቀጥሎ፣ «በበጋ ወራት የተደረገ ጥናት» የሚል ይጨመርበት።